ኪሎው ሲመለስ ወኔው ከየት ይመጣል?

ቁም ሣጥኔ ውስጥ አንድ የሐበሻ ቀሚስ ተሰቅሏል። ሽሮ ሜዳ ያሰፋሁት 16 ኪሎ በቀነስኩበት ዓመት ነው። ልብስ ሰፊው ወገቤን ሲለካ «ትንሽ ሰፋ ላድርገው?» ብሎኝ ነበር። «የለም፣ ልክ ይሁን» አልኩት። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ከ16ቱ ኪሎ 13ቱ ተመለሰ። ቀሚሱ አልገባ አለ፤ ሚዛኑን አልጋ ሥር ገፋሁት፤ ፎቶ ሲነሣ ከሰው ኋላ መቆም ጀመርኩ።

ከኪሎው ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን የወኔዬ መጥፋት ነበር። መጀመሪያ ስቀንስ ማልጄ ስነሣ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚከለክለኝ ዝናብም ብርድም አልነበረም። አሁን ሁሉንም ነገር አውቀዋለሁ፤ ምን መብላት፣ ስንት ሰዓት መራመድ እንዳለብኝ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። እግሬ ግን አልነሣ አለኝ። «አንድ ጊዜ ለፍቼ ምን አገኘሁ?» የሚለው ሐሳብ ከአልጋ ሳልወርድ ያሸንፈኛል።

ኪሎው የተመለሰበትን ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብትሉት ብዙውን ጊዜ የምትሰሙት መልስ አንድ ነው፤ «ጽናት የለኝም» ይላችኋል። እኔም ይህንኑ አምኜ ነበር። ነገሩን ማንበብና ሐኪሞችን መጠየቅ ስጀምር ግን ሌላ ታሪክ አገኘሁ። ኪሎ የሚመለሰው በአብዛኛው ሰውነት ራሱን ለመጠበቅ ስለሚታገል ነው። ይህን በዝርዝር ላስረዳ የፈለግሁት ለማጽናናት ብቻ አይደለም። በራሱ ላይ «ሰነፍ ነኝ» ብሎ የፈረደ ሰው የሚፈልገው መፍትሔ ሁልጊዜ ተጨማሪ ጭካኔ ነው፤ ጭካኔው ደግሞ ከጥቂት ሳምንት በላይ አይዘልቅም።

ሰውነት እና ጎተራው

እ.ኤ.አ. በ1944 መገባደጃ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት፣ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። ወጣቶቹ በእምነትና በኅሊና ምክንያት «ጦር መሣሪያ አናነሣም» ብለው፣ አገራቸውን በሌላ መንገድ ለማገልገል የተስማሙ ነበሩ። ኪስ ማወቅ የፈለገው በጦርነቱ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ነው። ለ6 ወር ያህል የወጣቶቹ ምግብ ወደ ግማሽ ገደማ ተቀነሰ። ድንች፣ ዳቦ፣ ማካሮኒና የመሳሰሉትን እየበሉ በየሳምንቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዱ ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን በአእምሯቸው ላይ የደረሰው ነው። ከምግብ በቀር ሌላ ማሰብ አቃታቸው። የምግብ አሠራር መጻሕፍትን እየሰበሰቡ ያነቡ ነበር፤ ሳህናቸውን ይልሱ ነበር፤ ተናዳጅና ድብርተኛ ሆኑ፤ ይወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም አጣባቸው። እነዚህ ሰዎች ለእምነታቸው ሲሉ የአገራቸውን ሕዝብ ንቀት የታገሡ ነበሩ። ጽናት ጎደላቸው የሚል ካለ ሌላ ጽኑ ሰው ከየት ሊያመጣ ነው? ሙከራው አብቅቶ የፈለጉትን እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው አንዳንዶቹ ሆዳቸው እስኪወጠር በልተው እንኳ «ገና አልጠገብኩም» ይሉ ነበር። ክብደታቸው ሲመለስም ከጡንቻው ይልቅ ስቡ ቀድሞ ተመለሰ።

ይህ ለምን እንደሚሆን የበለጠ ግልጽ የሆነው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ከስብ የሚመነጭ አንድ ሆርሞን አገኙ። ስሙን ሌፕቲን አሉት። ሥራውን ለመረዳት የገበሬን ቤት ማሰብ ይበቃል። ስብ ጎተራ ነው። ሌፕቲን ደግሞ በየዕለቱ ወደ ቤቱ አስተዳዳሪ፣ ማለትም ወደ አንጎል እየሄደ «እህሉ ይህን ያህል አለ» የሚል መልእክተኛ ነው። ጎተራው ሲጎድል መልእክቱ ይደክማል። ያን ጊዜ አስተዳዳሪው ሁለት ትእዛዝ ይሰጣል፤ ወጪ ቀንሱ፣ እህል ፈልጉ። የሰውነት ወጪ ሲቀንስ ብርድ ይሰማናል፣ ይደክመናል፣ ሳይታወቀን እንቅስቃሴያችን ይቀንሳል። እህል ፈልጉ ሲባል ደግሞ ረሃቡ ይበረታል፣ የምግብ ሽታ ከሩቅ ይጠራናል፣ ትናንት ያጠገበን ሳህን ዛሬ ያንሰናል። አንጎል ሰውየው በገዛ ፈቃዱ የከሳ ይሁን ዝናብ ጠፍቶ የተራበ ይሁን አይለይም። ለዘመናት ያቆየን ይህ ጥንቃቄው ነው።

ጎተራው ራሱም አይፈርስም። በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም የምትሠራው ክርስቲ ስፖልዲንግ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመችው ጥናት፣ አዋቂ ሰው ብዙ ኪሎ ቢቀንስም የስብ ሕዋሳቱ ቁጥር እንደማይቀንስ ታይቷል። ሕዋሳቱ ይሟሽሻሉ እንጂ አይጠፉም፤ መልሰው ለመሞላት ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከስዊዘርላንድ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እነዚህ ሕዋሳት ክብደቱ ከቀነሰ በኋላም የቀድሞውን ውፍረት ምልክት በውስጣቸው ይዘው እንደሚቆዩ አሳይቷል፤ በአይጦች ላይ በተደረገው ሙከራ ቀድሞ ወፍረው የነበሩት ቅባት የበዛበት ምግብ ሲሰጣቸው ከሌሎቹ ፈጥነው ወፈሩ።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የአውስትራሊያው ጥናት ነው። በሜልቦርን 50 ያህል ሰዎች ለ10 ሳምንት በጣም ጥቂት ካሎሪ ያለው ምግብ ተመግበው በአማካይ 13 ኪሎ ያህል ቀነሱ። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ደማቸውን ሲመረምሩ የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖቻቸው ገና ወደ ቀድሞ ቦታቸው አልተመለሱም ነበር። ሰዎቹም ዳይቱን ከመጀመራቸው በፊት ከነበረው የበለጠ እንደሚርባቸው ተናገሩ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አንድ ዓመት ሙሉ! እኔ በስምንተኛው ወር ማታ ማታ ወጥ ቤት ቆሜ ድስት ስከፍት «ምን ዓይነት ሆዳም ሆንኩ» እያልኩ ራሴን የሰደብኩት በዚሁ ወቅት ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ የነበረው ኬቨን ሆል ደግሞ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከ6 ዓመት በኋላ መርምሯል። በውድድሩ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ 41 ያህሉ ተመልሷል። ይህም ሆኖ ሰውነታቸው እረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ኃይል በእነሱ መጠን ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር። 500 ካሎሪ ማለት ከአራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ሆልና ባልደረቦቹ በሌላ ሥራ እንደገመቱት ደግሞ አንድ ሰው በቀነሰው በእያንዳንዱ ኪሎ የምግብ ፍላጎቱ በቀን 100 ካሎሪ ያህል ይጨምራል፤ ሰውነቱ የሚያወጣው ኃይል ግን በኪሎ ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ብቻ ይቀንሳል። ስለዚህ ዋናው ግፊት የሚመጣው ብዙዎቻችን «ሜታቦሊዝሜ (ሰውነቴ ኃይል የሚያቃጥልበት መንገድ) ተበላሸ» ከምንለው ይልቅ ከረሃቡ በኩል ነው። አሥር ኪሎ የቀነሰ ሰው በየቀኑ የሚታገለው ትግል ጎረቤቱ የማያውቀው ትግል ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት «እንግዲያው መሞከር ዋጋ የለውም» ለማለት አይደለም። ትግሉ ከምን ጋር እንደሆነ ያላወቀ ሰው ራሱን ስለሚመታ ነው።

ዳይትን እንደ ጾም መያዝ

ወደ አእምሮ ስንመጣ ደግሞ የእኛን ቤት የሚመለከት ነገር አለ። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ምግብ መታቀብ የተማርነው ከጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን አለው፤ መግቢያው ይታወቃል፣ መፍቻው ይታወቃል። ረመዳንም እንዲሁ ወሩ ሲያልቅ ዒድ ይሆናል። ጾም ለነፍስ የሚደረግ ነው፤ ሥርዓቱም ለዚያ የተገባ ነው። ችግሩ ሳናስተውል ያንኑ ሥርዓት ወደ ዳይት ማምጣታችን ነው።

መጀመሪያ መፍቻ ቀን እንቆርጣለን። «እስከ እህቴ ሠርግ»፣ «እስከ ፋሲካ» እንላለን። ሠርጉ ሲያልፍ የውስጣችን ሰው «ተፈታ» ይላል። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው መሆናቸውን አስቡ፤ ዶሮው፣ ክትፎው፣ ቅቤው፣ ጠላው አንዱ ካንዱ ቤት እየተከተለ ይመጣል። ሰውነታችን ግን ከላይ እንዳየነው ጎተራው የጎደለበት፣ እህል ፈልጉ የሚል ትእዛዝ ላይ ያለ ሰውነት ነው። የሁለቱ መገናኘት ብዙ ኪሎ በጥቂት ሳምንት ይመልሳል። ጾሙ ራሱ የማያከሳቸው ብዙዎች እንዳሉም መናገር ይገባል። ቅባት ያለው የጾም ወጥ፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ከፍስክ የማያንስ ካሎሪ አላቸው።

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። ጾም ይገደፋል። አንድ ጉርሻ ሥጋ የቀመሰ ሰው የዚያን ቀን ጾም ገድፏል፤ ግማሽ መግደፍ የለም። ዳይት የያዘ ሰውም ቢሮ ውስጥ አንድ ቁራሽ የልደት ኬክ ሲበላ «ገደፍኩ» ይላል። ከዚያም «እንግዲህ ከሆነ አይቀር» ብሎ ምሳውንም እራቱንም ይለቃል፤ «ሰኞ እጀምራለሁ» ይላል፤ ሰኞው ወር ይሆናል።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ፒተር ኸርማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ሙከራ፣ ለአንዳንዶቹ ተሳታፊዎች መጀመሪያ ወፍራም የወተት መጠጥ ሰጥቶ ቀጥሎ ሁሉም አይስክሬም የፈለጉትን ያህል እንዲቀምሱ አደረገ። ዳይት የማይከተሉት ወተቱን ከጠጡ በኋላ አይስክሬሙን ቀንሰው በሉ። ዳይት የሚከተሉት ግን ወተቱን ጠጥተው ሳለ፣ ወተቱን ካልጠጡት ዳይት ተከታዮች የበለጠ አይስክሬም በሉ። ከሆድ ጥጋብ ይልቅ «ዛሬማ ተበላሽቷል» የሚለው ፍርድ ነበር የሚመራቸው። ኸርማን በኋላ በቶሮንቶ ከጃኔት ፖሊቪ ጋር ለብዙ ዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው። «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» የሚለው አባባላችን ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ለአንድ ቁራሽ ኬክ ግን ስሕተት ነው። የኬኩ ካሎሪ 300 ወይም 400 ቢሆን ነው። ኪሎ የሚጨምረው ከኬኩ በኋላ ባለው ሳምንት ነው።

13 ኪሎ የተመለሰበት ሰው ደግሞ ይህንኑ ፍርድ በትልቁ ያደርገዋል። ዓመቱን በሙሉ «ገደፍኩት» ይላል። ወኔውን የሚገድለውም ይህ ነው። ሰው የጀመረውን መቀጠል ይችላል፤ ከዜሮ መጀመር ግን ያደክመዋል። የተመለሰበት ሰው ራሱን ከዜሮ በታች አድርጎ ስለሚያይ ገና ሳይነሣ ይደክመዋል።

ዜሮ ላይ አለመሆናችን ግን በጥናት የተረጋገጠ ነው። በአሜሪካ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። አንደኛው ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በዚህ ቡድን የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል የማስመሰያ ኪኒን ከተሰጠው ቡድን በ58 በመቶ ቀነሰ። ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ። በሚቀጥሉት ዓመታት ከተቀነሰው ክብደት አብዛኛው ተመለሰ፤ ሆኖም በ10ኛው ዓመት ላይ አደጋው አሁንም በ34 በመቶ፣ በ15ኛው ዓመት በ27 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር። ኪሎው ተመለሰ፣ ጥቅሙ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ያ ሁሉ ጠዋት የተራመድነው ባክኖ አልቀረም።

ሌላም አለ። ሪና ዊንግና ጄምስ ሂል እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያቆዩ ሰዎችን መመዝገብ ጀመሩ፤ መዝገቡ ከ10,000 በላይ ሰዎችን አሰባስቧል። ከእነዚህ የተሳካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ሞክረው ያልተሳካላቸው ናቸው። የእነሱን ታሪክ በመካከል አቁሞ የሚያይ ሰው የሚያየው ልክ እንደ እኔ ሚዛኑን አልጋ ሥር የደበቀ ሰው ነበር።

ወኔ ሳይመጣ መጀመር

አብዛኞቻችን ወኔ መጀመሪያ ይመጣል፣ ሥራ ይከተላል ብለን እናስባለን። በድብርት ሕክምና ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ግን የተገላቢጦሹን ይጠቀሙበታል። ታካሚው ደስ እስኪለው አይጠብቁም፤ ትንሽ ሥራ በቁርጥ ሰዓት እንዲሠራ ያደርጉታል፤ ስሜቱ ከሥራው በኋላ ቀስ እያለ ይመጣል። ለእኔ የጠቀመኝ ይህ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ወኔዬ ከየት እንደመጣ ሳስታውስ፣ ሚዛኑ በየሳምንቱ ሲወርድና ሰው ሲያደንቀኝ የሚሰማኝ ደስታ ነበር። ያ ደስታ የመቀነስ ወራት ደስታ ነው። ክብደት ሲረጋ አድናቆቱ ያቆማል፣ ሚዛኑ ዝም ይላል፣ ረሃቡ ግን ይቀጥላል። በዚያ ስሜት ላይ የተሠራ ልማድ ስሜቱ ሲሄድ አብሮ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ አሁን የምፈልገው ያለ አድናቆትም የሚቆም ነገር ነው።

ለመነሻ የምመክረው መቀነስን አይደለም፤ መጨመርን ማቆም ነው። ለአንድና ለሁለት ወር ኪሎው ባለበት እንዲቆም ብቻ መሥራት። ይህ ከአፍ ሲወጣ ትንሽ ይመስላል፤ ወደ ላይ እየሄደ ያለን ክብደት ማቆም ግን ትልቅ ድል ነው። ረሃቡን አያስቆጣም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘላቂውን ሥራ፣ ማለትም ማቆየትን፣ ከመቀነስ በፊት ያስተምራል። እኔ ባለፈው ጊዜ መቀነስ ተምሬ ማቆየት ሳልማር ነው የቀረሁት።

ሚዛኑን ማውጣት ከባድ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ስለ ውኃ ማወቅ ይጠቅማል። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያስቀምጠው ስኳር እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል፤ ጨውም ውኃ ይይዛል። ስለዚህ ከበዓል ማግስት ሚዛኑ ላይ የሚታየው ሁለት ኪሎ በአብዛኛው ውኃ ነው። አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልገን በላይ 7,700 ካሎሪ ያህል መብላት አለብን፤ በአንድ ቀን ድግስ ይህ ቀላል አይደለም። በየሱቁ የሚሸጡት የማቅጠኛ ሻዮች የሚያታልሉትም በዚሁ ውኃ ነው። ብዙዎቹ ተቅማጥ የሚያመጡ ቅጠሎች ያሉባቸው ናቸው፤ የሚወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ሲዘወተሩም አንጀትን ይጎዳሉ። ገንዘባችሁን አታውጡባቸው።

ወጥ ቤት ውስጥ ያደረግሁት ለውጥ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ዘይት መለካት ነው። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ለወጥ በዓይኔ የማፈሰውን ዘይት መጀመሪያ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ በሾርባ ማንኪያ ለካሁት፤ 11 ማንኪያ ሆነ። አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል ነው፤ ድምሩ ከ1,300 ይበልጣል። አሁን 5 አደርጋለሁ። ሽንኩርቱ በደንብ ከተቁላላ፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ ቢጨምሩበት ወጡ አይጎዳም፤ ቤተሰቤ ልዩነቱን አልጠየቀኝም። ሁለተኛው የሻይና የቡና ስኳር ነው። በቀን አምስት ስኒ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 240 ካሎሪ ያህል በስኳር ብቻ ይጠጣል። ቢራ ለሚወዱ ደግሞ አንዱ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 140 ካሎሪ ገደማ አለው። ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላልና እርጎ ረሃብን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚይዙ ከቁርስ ጀምሮ መኖራቸው ይጠቅማል።

ከወጥ ቤቱ ይልቅ የከበደኝ የሰው ቤት ነው። ስከሳ አክስቴ «ምነው ገረጣሽ? ታመሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ሲመለስብኝ ደግሞ በደስታ አቅፋኝ «አሁን ገና ሰው መሰልሽ!» አለችኝ። አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። መክሳት የችግርና የበሽታ፣ መወፈር የጤናና የጥጋብ ምልክት በነበረበት ዘመን ያደገች ናት፤ ረሃብ ያየ አገር ልጅ ስለሆነች ከልቧ ነው የተናገረችው። ስለዚህ ከእሷ ጋር ስለ ኪሎ መከራከሬን ትቼ «አክስቴ፣ ሐኪም ስለ ስኳሬ ተጠንቀቂ ብሎኛል» አልኳት። እውነት ነው፤ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ሳህኔን እሷው ራሷ ትጠብቅልኛለች።

«በሞቴ» ሲባልስ? «አንድ ጉርሻ ያጣላል» በሚባልበት ማዕድ ላይ እምቢ ማለት ሰውን ያስቀይማል፤ «በልቼ መጥቻለሁ» ማለትም እንዲሁ። እኔ ያገኘሁት መንገድ የመጀመሪያውን ጉርሻ በደስታ መጉረስ፣ ቀጥሎ ደግሞ አጎራሹን መልሼ ማጉረስ ነው። ማጉረስ የጀመረ ሰው አይለመንም። ፍቅሩም አልጎደለም፣ ሆዴም አልተጨናነቀም።

እንቅልፍን በአጭሩ ልጥቀስ። በቂ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው በማግስቱ የበለጠ ይርበዋል፤ ጣፋጭና ቅባት ይጠራዋል። የሌሊት ተራ የሚሠሩ፣ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ለመያዝ በሌሊት የሚነሡ ሰዎች ኪሎ ሲጨምሩ ስለ ምግባቸው ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ኪሎው ያለ ምክንያት በፍጥነት ከተመለሰ የታይሮይድ ዕጢን ማስመርመር ተገቢ ነው። ኢንሱሊን፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ፤ እነዚህን በራስ ፈቃድ ማቆም አደገኛ ስለሆነ ካዘዘው ሐኪም ጋር መነጋገር ይሻላል። ከሰው ተደብቆ እስኪያም ድረስ መብላት፣ ወይም ከበሉ በኋላ ሆን ብሎ ማስመለስ ካለ፣ ይህ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን የሚጠይቁኝ ስለ አዲሶቹ መርፌዎች ነው። ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት ረሃቡን ስለሚቀንስ በርካቶችን ረድቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ግን መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን እንደመለሱ አሳይቷል። መርፌው ሲቆም ጎተራው እንደገና ይናገራል። መድኃኒቱን መጠቀም የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ሲቆም ኪሎው መመለሱም እንዲሁ። የደም ግፊት መድኃኒት ሲቆም ግፊቱ ቢመለስ ታካሚውን የሚሳደብ የለም።

ቀሚሱን በተመለከተ፣ ባለፈው ወር ወደ ሽሮ ሜዳ መልሼ ወሰድኩት። ልብስ ሰፊው ጎኑን ፈትቶ ከጥለቱ ጋር የሚሄድ ቁራጭ አስገባበት። ሁለት ዓመት የጠበበ ልብስ ፊት ለፊቴ ሰቅዬ «እዚህ ውስጥ እስክገባ» ስል በየማለዳው ራሴን እሰድብ ነበር እንጂ አንድ ቀን እንኳ አላስነሣኝም። አሁን ባለው ሰውነት ልክ የሆነ ልብስና ጫማ ያለው ሰው ከቤት ይወጣል፤ ልብስ የጠበበው ሰው ይደበቃል።

እግሬን ያስነሣችው ግን ጎረቤቴ ናት። ኪሎዬ ሲመለስ አይታለች፤ ስለ ኪሎዬ አንድም ቀን ቃል አልተነፈሰችም። ምክር አልሰጠችኝም፣ የዳይት ዝርዝር አላመጣችልኝም። አንድ ማታ በሩ ላይ ቆማ «ጠዋት ጠዋት ብቻዬን መራመድ ሰለቸኝ፤ ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለችኝ።

«በ12 ሰዓት» አልኳት።